ማህተም ያልነካው ድምፅ

ነጋዴ ነኝና ወጪውን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ጉዳይ ሁለት ነገር አስከፍሎኛል። አንዱ ሱቄ ነው። ሌላው እንደ ቤቴ እየገባሁ እወጣበት የነበረው የአንዲት እናት ቤት ነው። ሱቅ እንኳ ቢዘጋ ሌላ ይከፈታል። ስለ ትርፉ መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን፣ ትርፍ ከተባለ።

በዚያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ወለላ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ሙዚቃ ቤት ይባል እንጂ ካሴትም ሲዲም የለበትም። አንድ ላፕቶፕ፣ በር ላይ የሚጮኹ ስፒከሮች፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ የስልክ መሸፈኛዎችና ቻርጀሮች፣ በቃ ይኸው ነው። ሰው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጭንለታለሁ። የባጃጅ ሾፌር አምባሰል ይላል፣ ተማሪ የህንድ ፊልም ይላል፣ ከአርዲቦ በኩል የመጣ ገበሬ ደግሞ «ረዘም ያለ መንዙማ አድርግልኝ፣ አጭሩ መንገድ ላይ ያልቅብኛል» ይላል። ለሁሉም አለኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ ሰርተፍኬት አይሰጥም።

ዕቃዬን የማመጣው በቶረንት ነው። ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ተራው ዳውንሎድ ከአንድ መጋዘን እንደመግዛት ነው፤ መጋዘኑ ከተዘጋ ገበያው ቀረ። ቶረንት መጋዘን የለውም። ዕቃው ያለው በየሰዉ ቤት ነው። ሰርግ ሲኖር ሳህን ከየጎረቤቱ እንደሚሰበሰበው፣ ፋይሉ ተቆራርጦ አንዱን ቁራጭ ከአንዱ አገር ሰው፣ ሌላውን ከሌላው ትቀበላለህ። ሙሉውን የያዘው ሰጪ ነው። የጎደለው ወሳጅ ነው። ወሳጁም ቢሆን የደረሰውን ቁራጭ ለሌላ እያቀበለ ነው የሚወስደው። ቁራጩ በቅደም ተከተል አይመጣም፤ መሃሉ መጀመሪያ፣ መጀመሪያው መጨረሻ ሊመጣ ይችላል። ብቻ ሙሉውን የያዘ ሰው የሆነ ቦታ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ኢንተርኔት ላይ መገኘት አለበት። እሱ ከሌለ ሊንኩን ይዘህ ጥላ ስር ተቀመጥ።

የኛ ሰፈር ንግድ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። ማህተም እንለዋለን። አንድ አዲስ ዘፈን እጄ ሲገባ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት በራሴ ድምፅ «ወለላ ሙዚቃ ቤት፣ ሐይቅ» ብዬ እጨምርበታለሁ፣ ገደል ማሚቶ ጭምር። የውጫሌው ነጋዴ ከኔ ደንበኛ ይወስድና የራሱን ማህተም ያክልበታል። የደሴው ደግሞ የራሱን። አንድ ጊዜ የራሴ ዘፈን ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመለስ፣ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት አራት ሱቅ ሲተዋወቅ ሰምቻለሁ። እኛ ይህን እንደ ሌብነት አንቆጥረውም፤ ማስታወቂያ ነው። የሰው ሥራ ላይ ስም መለጠፍ ከሥራው ይቀላል፣ ሁላችንም በዚያ እንኖር ነበር።

ሰይድ ጓደኛዬ ነበር። ክራር ይጫወታል። አምባሰልን ሲይዘው፣ ያን ተራራ ተሸክሞ የመጣ ይመስል ነበር። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከኔ ይበልጣል፤ ቶረንትን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ጠዋት እናቱ ቤት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ የራሱን ዘፈን ቀዳ። ቀድቶም ራሱ ቶረንት ሠራለት፣ ሊንኩንም በቴሌግራም ላከልኝ። «ይህን አስቀምጥ፣ ዕቃ ይጠፋል፣ ሊንክ አይጠፋም» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም በወጉ ተቀበልኩና ሥራዬን ሠራሁ፤ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ወሬ ቆርጬ ጣልኩት፣ በቦታው ማህተሜን አስገባሁ። የቆረጥኩትን አላዳመጥኩትም። ደንበኛ ለወሬ አይከፍልም።

ብዙም ሳይቆይ ሰይድ በባቲ በኩል ወጣ። ወዴት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም፤ አፋርን አቋርጦ፣ ባህሩን ተሻግሮ፣ ሳውዲ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ጦርነቱም መጣ። እኔ ሸሽቼ ስመለስ ሱቁ ወለሉ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት፣ ላፕቶፑም ሃርድ ዲስኩም የሉም። ንግዴን እንደገና የጀመርኩት የራሴን ዘፈን ከደንበኞቼ ፍላሽ ላይ መልሼ በመልቀም ነው። የሰይድንም እንዲሁ። ማህተም ያልነካው ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የሰይድ እናት እትየ ዘሀራ ሱቄ ሲመጡ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ሁሴኔ።»

«ወአለይኩም ሰላም እትየ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። አፊያ ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ። ያ የሰይዶ ዘፈን አለህ?»

«መች ጠፍቶ። ሐይቅ ሙሉ አለ።»

«እሱን አይደለም። አንተ የምትጮኽበትን አይደለም።» መስበሃቸውን መቁጠር አላቋረጡም። «ልጄ አፉን ሳይከፍት አንተ ትጮሃለህ። ካንተ ቀጥሎ አንድ የውጫሌ ሰው ይጮሃል። ልጄ ሦስተኛ ነው።»

«ንግድ ነው እትየ።»

«ንግድ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሰይዶ እንደቀዳው፣ ከመጀመሪያው ነው የምፈልገው።»

ለምን አሁን እንደመጡ ነገሩኝ። የሰይድ አጎት አያ ይማም የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት ለማያውቀው ሰው፣ እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን፣ ድንኳንና ሳህን ያለው ማኅበር ነው። ቅሬው ተሰብስቦ ወስኗል። ይህን ያህል ጊዜ ወሬው ያልተሰማ ሰው ሞቷል፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ አስከሬን ለሌለው የሚሰገደው ሰላት ይሰገዳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይቀመጣሉ።

«ከአርብ በኋላ ሁሉም አላህ ይርሀመው ሊለው ነው» አሉ እትየ ዘሀራ። «ሞቷል ያለው ማነው? አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው አለ? ከውጭ የሚደወል ስልክ አለ እኮ ሁሴኔ። ሄሎ ስል ዝም ይላል። ትንፋሹ ይሰማኛል። የእናት ጆሮ ትንፋሽ አይስትም። እሱ ነው።»

ምን እላለሁ? በር ላይ ያሉትን ስፒከሮች አጠፋሁ።

«እሺ፣ እነሱ እንዳሉት ይሁን» አሉ። «ግን ያን ጠዋት እሱ ሲቀዳ እኔ ጓዳ ነበርኩ። አንድ ነገር አለኝ፣ እኔም መለስኩለት። ምን እንዳለኝ ጠፋኝ። አስባለሁ፣ አስባለሁ፣ አይመጣልኝም። ከልጄ አፍ የቀረኝ እሱ ነው። ድንኳን ሳይተከል ልስማው።»

ያ እኔ ቆርጬ የጣልኩት ወሬ መሆኑ ገባኝ። ለእሳቸው ግን ያልኩት ሌላ ነው። «ዕቃው የለኝም፣ ሊንኩ አለኝ» አልኩ።

«ሊንክ ምንድን ነው?»

«እትየ፣ በሬ የጠፋበት ሰው ገበያ ቆሞ ምን ይላል? ቀለሙ እንዲህ፣ ቀንዱ እንዲህ፣ ጆሮው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ይላል አይደል? ሊንክ ያ ምልክት ነው። በሬው አይደለም። ምልክቱን እየጠራሁ ዓለምን እዞራለሁ፤ በሬውን የያዘ ሰው ገበያ ውስጥ ካለ እኔ ዘንድ አለ ይለኛል።»

«ከሌለስ?»

«እጠራለሁ።»

«ሐይቅ ያለው ሁሉ አይሆንም?»

«አይሆንም። ላፕቶፑ ምልክቱን የሚያወጣው ከፋይሉ ሆድ ዕቃ ነው፣ ከስሙ አይደለም። አንዲት ነገር ከተጨመረችበት ወይ ከተቆረጠች፣ ሌላ በሬ ነው ብሎ ያልፈዋል።»

አየት አደረጉኝ። «እናንተ ጆሮውን ሁሉ ቆርጣችኋላ» አሉ።

ሊንኩን ከድሮ ቴሌግራሜ አውጥቼ አስገባሁት። ስሙ ብቻ መጣ። ሰጪ ዜሮ። ወሳጅ አንድ፣ እሱም እኔ። ያን ቀን ላፕቶፑን ለሌላ ሥራ አልነካሁትም። እትየ ዘሀራ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍላሹን ይዞ ብቅ አለ።

«ሁሴን፣ አክሽን ጫንልኝ።»

«ላፕቶፑ ሥራ ላይ ነው።»

ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ እኮ ዜሮ ነው የሚለው። ሥራው ምኑ ላይ ነው?»

«መጠበቅ ነው ሥራው።»

«እሱን ሥራማ እኔም መናኸሪያ እሠራዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። መብራት ጠፍቶ ከጎረቤቴ ፀጉር ቤት ባትሪ ተበደርኩ። እትየ ዘሀራ ዙሁርን ሰግደው ተመለሱ፣ አስርን ሰግደው ተመለሱ። ከአስር በኋላ፣ እኔ አንድ ሴትዮ ቻርጀር ሲመርጡ እያገዝኩ፣ ከጀርባዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ሁሴኔ፣ ይህ አረንጓዴ ምንድን ነው?»

ዞርኩ። ሰጪ አንድ ይላል። ቶረንቱ የሚያቀብለውን ሰው አገር በትንሽ ባንዲራ ያሳያል፤ ከቁጥሩ ጎን ሰይፍ ያለበት አረንጓዴ ባንዲራ ተቀምጧል። ፋይሉም እንደ ጉንዳን እየተሳበ መምጣት ጀምሯል።

ልዋሽ እችል ነበር። በሙያዬ ውሸት አዲስ አይደለም። ግን እኚያን ዓይኖች እያየሁ ምላሴ ቀደመኝ።

«የሳውዲ ባንዲራ ነው።»

ተነሱ። መስበሃው ከእጃቸው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አላነሱትም።

«በሬውን የያዘው ሰው ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ግን እትየ፣ ይህ ነገር ዕቃው እዚያ አለ ነው የሚለው። ሰውየው ማን እንደሆነ አይናገርም።»

«ያልተቆረጠው ከሰይድ ሌላ ማን ዘንድ አለ?»

አሰብኩ። እኔ እስከማውቀው ማንም ዘንድ የለም።

«ንገረኝ እንጂ።»

«እስከማውቀው… ማንም ዘንድ የለም።»

«እንግዲያው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ ሲሄዱ ግን እግራቸው የልጃገረድ ነበር። እኔ መስበሃውን አነሳሁ። ጥቂት ቆይቶ ባንዲራው ጠፋ፣ ሰጪ ዜሮ ሆነ። ከፋይሉ ግማሹ እንኳ አልደረሰም፤ ከደረሰው ውስጥ መጀመሪያው የለም።

ከመግሪብ በፊት አያ ይማም ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«አንተ ሁሴን፣ ምን አልካት?»

«ባንዲራ አሳየኋቸው፣ አያ።»

«ነገ ድንኳን ይተከላል። ዘመድ ከአምባሰል ወርዷል። እሷ ልጄ ሳውዲ ገብቷል እያለች ግቢዋን እየጠረገች ነው። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።»

«ምናልባት እኮ እውነት ሊሆን…»

«ምናልባት የሚባል ዕቃም ትሸጥ ጀመር?» በትራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እኔ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። የወንድሜን ልጅ ድንኳን የምተክለው ወድጄ ይመስልሃል? እንድታለቅስ ነው። ያላለቀሰ ሰው ይታመማል። ይኸው ሊወጣላት ሲል አንተ ባንዲራ ሰቀልክበት።»

ሲሄዱ በቴሌግራም የወሎ ልጆች በሳውዲ የሚገናኙበት ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። «የሰይድን የአምባሰል ቅጂ ስልኩ ላይ የያዘ ሰው ካለ ይደውልልኝ፣ እናቱ ይፈልጉታል» አልኩና ቁጥሬን አስቀመጥኩ። በልቤ የምጠብቀው ማንን እንደነበር አልደብቃችሁም። እኔም የእትየ ዘሀራን ያህል አምኜ ነበር። ስልኩ ሲጮህ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼለት ነበር፤ ስድቡን ጭምር።

አርብ ጠዋት ሱቁን እየከፈትኩ ስልኩ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። አንስቼ ሄሎ አልኩ። ዝም። ትንፋሽ ይሰማል።

«ሰይዶ?» አልኩ።

«አይደለሁም» አለ ድምፁ። «ከማል እባላለሁ። የከረሳ ልጅ ነኝ፣ እዚህ የሕንፃ ዘበኛ ነኝ። መልእክትህን አነበቡልኝ።»

«ፋይሉ አንተ ዘንድ ነው?»

«ሰይድ ነው የጫነልኝ። ባቲ አንድ ቤት አድረን፣ የኔ ስልክ ውሃ ቢገባው ያንተ ይተርፋል ብሎ በሊንኩ አወረደልኝ። መተግበሪያውን አትሰርዘው አለኝ፣ አልሰረዝኩትም። የሕንፃው ቢሮ ዋይፋይ ሲይዝልኝ ራሱ ይሠራል መሰለኝ። ለሰው እንደሚሰጥ እንኳ አላውቅም።»

«ሰይድስ?»

ሳያቋርጥ ተናገረ፣ ለብዙ ጊዜ አፉ ውስጥ ይዞት የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«የኛ ጀልባ ቀድማ ወጣች። የነሰይድ ከኋላችን ነበረች፣ ከዚያ አልነበረችም። እኛ ደርሰን፣ ጠዋት ባህሩ ሰው ያወጣ ጀመር። እሱን እኔ ነኝ ያወቅኩት። አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን ቀበርነው። ሰገድንበት። ወላሂ ሰገድንበት።»

ተቀመጥኩ። በሩ ግማሹ ገና አልተከፈተም።

«ለምን አልነገርክም?»

«የእናቱን ቁጥር በቃሌ አስይዞኝ ነበር። ደወልኩ። ሄሎ ሰይዶ አሉኝ። በየት በኩል ልናገር? ዘጋሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ደወልኩ፣ ያው ሰይዶ አሉኝ። ስትደውል ዝም የምትለው አንተ ነህ አይደል፣ እህል ብላ ልጄ፣ ጠንክር አሉኝ። እናት የለኝም እኔ። ልጄ ሲሉኝ ለመስማትም እደውል ነበር፣ አልዋሽህም።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፣ ስድቡ አልመጣልኝም። ውስጤ ያለው ነጋዴ ግን አልሞተም፤ ዕቃው ገና ግማሽ ነው።

«በቴሌግራም ላክልኝ» አልኩት።

«አላውቅበትም፣ የት እንደተቀመጠም አላውቅ።»

«እሺ፣ ምንም እንዳትነካ። ነካክተህ ታጠፋዋለህ። ዋይፋዩ የሚይዝበት ቦታ ሂድና ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«ዛሬ አርብ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው። ግን በመስኮቱ በኩል ይይዛል። ፀሐይ ላይ ነው እንጂ።»

«ፀሐይ ላይ ተቀመጥ።»

«እቀመጣለሁ። አንተ ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አፉ ይበሉኝ በልልኝ።»

ባንዲራው ተመለሰ። ያን አረንጓዴ ነገር እያየሁ፣ አንድ የማላውቀው ልጅ የሰው አገር መስኮት ስር ቆሞ፣ የሞተ ጓደኛውን ድምፅ በጠብታ እያቀበለኝ መሆኑን አሰብኩ። ሰዎች ለጁምዓ ሲያልፉ፣ ከጁምዓ ሲመለሱ አየሁ። ሰላቱ ተሰገደ፣ እኔ አልሄድኩም። ሙሉ ሲሆን ላፕቶፑን ዘግቼ ክንዴ ስር አደረግኩና ወጣሁ።

ድንኳኑ ተተክሏል። ቅሬው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰብሰብ ብሎ ተቀምጧል፣ ግን የሚያለቅስ የለም። ሐዘንተኛዋ አልወጡማ። አያ ይማምን ጠርቼ የከማልን ነገር በጆሯቸው ነገርኳቸው። በትራቸውን አነሱ።

«መርዶ ለብቻ አይነገርም» አሉ። «አብሬህ እገባለሁ።»

መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ድምፁን ባስቀድም ደስታቸው ላይ መርዶ ልጨምር ነው። መርዶውን ካስቀደምኩ ድምፁን የሚሰሙበት ጆሮ አይኖራቸውም። ጉድለቱን ደብቄ የሸጥኩት ዕቃ ብዙ ነው። ይህን ግን አልቻልኩም።

እትየ ዘሀራ አዲስ ሻሽ አስረዋል። ቤቱ ተጠርጓል።

«ጨረሰ ሁሴኔ?»

«ጨረሰ እትየ።»

«ክፈተዋ።»

«የያዘው ሰው ደውሎልኝ ነበር።»

ፊታቸው በራ። ያን ፊት አሁንም አያለሁ። ከዚያ አያ ይማም ከኋላዬ መግባታቸውን አዩ። ሽማግሌ ለምን እንደሚገባ የማያውቅ የወሎ ሴት የለም።

«ሰይዶ አይደለም?»

«ከማል የሚባል ልጅ ነው። አብሮት የሄደ።»

«ሰይዶስ?»

«ባህሩ ዳር አግኝተው ቀብረውታል እትየ። ሰግደውበታል።»

አልጮኹም። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከፈን ነበረው?»

«የከማል ሽርጥ ነው።» ከማል እንዲህ አላለኝም። ባዶ አሸዋ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

«ንጹህ ነበር ሽርጡ?»

«ንጹህ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ የሚተነፍሰውስ?» አሉ።

«እሱም ከማል ነው። መናገር ፈርቶ ነው። አፉ ይበሉኝ ብሏል።»

«የሰው ልጅ ነዋ» አሉ ለራሳቸው። «እኔ እኮ ለዚያ ትንፋሽ ስንት ዱዓ አድርጌለታለሁ።» አያ ይማም አንገታቸውን ደፉ። «ይሁነው። እሱም በሰው አገር ነው፣ ይሁነው። አፉ ብየዋለሁ።» ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙ። «ክፈተው።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ። የክራር ጅማት ሲጠበቅ። ከዚያ ሰይድ።

«እማ፣ ልቀዳ ነው፣ ትንሽ ዝም በይልኝ።»

«ቁርስህስ?» የእሳቸው ድምፅ ነው፣ ከሩቅ፣ ከጓዳ።

«ቀድቼ።»

«ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። መጣሁ።»

ከዚያ ክራሩ ገባ። አምባሰል።

አቆምኩት። እትየ ዘሀራ ወደ ጓዳው በር እያዩ ነበር፣ ድምፃቸው ወደ መጣበት።

«ለዚህ ነው የጠፋኝ» አሉ። «ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር የምፈልገው።»

ተነሱ፣ አዲሱን ሻሽ ፈቱና ጥቁሩን አሰሩ። ወደ ድንኳኑ ወጡ። ጩኸታቸውን የሰማሁት ጓዳው በር ላይ እንደቆምኩ ነው። ቅሬው ሁሉ አብሮ ተነሳ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መስበሃቸውን ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቂም አይደለም። አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ባንዲራ ይመጣብኛል። ለጥቂት ሰዓት ልጄን አግኝቼ ነበር። እንዲያ ሆኜ ሁለተኛ መቅበር አልችልም። አትምጣብኝ።» አልሄድኩም። ገበያ ላይ ስንገናኝ በሩቁ ሰላም እንባባላለን።

ሱቁን የዘጋሁት ተጸጽቼ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ ነጋዴ በጸጸት ሱቅ አይዘጋም። ማህተሜን ማስገባት ተውኩ። እጄ ላይ የደረሰውን እንደደረሰ እሰጥ ጀመር። ያወረድኩትንም እንደ ድሮው ወዲያው አልዘጋም፣ ለሌላው እንዲደርስ ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። ይህ ፓኬጅ ይበላል። የውጫሌው ነጋዴ ደግሞ ባዶውን ሲያገኝ ስሙን አስቀድሞ ይለጥፍበት ጀመር፤ ሰው ዕቃው ከእሱ የመጣ እየመሰለው ወደ እሱ ዞረ። አሁን ከሐይቁ ዓሣ ተቀብዬ ደሴ እሸጣለሁ። ዓሣ ላይ ስም አይለጠፍም፣ ቢለጠፍም እስከ ማታ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስልካችሁ ውስጥ የእናታችሁ፣ የወንድማችሁ፣ የማንም ድምፅ ካለ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስሙት እንጂ ዘፈኑ ላይ አትዝለሉ። አታሳምሩት፣ ጫፉን አትቁረጡት። ሊንክ አለኝ ብላችሁም አትመኩ። ሰይድ ዕቃ ይጠፋል፣ ሊንክ አይጠፋም ያለኝ ግማሹ ብቻ ነው ትክክል። ሊንክ የያዘ ሰው ምንም አልያዘም፤ ዕቃውን ያቆየው አንድ ፈሪ ዘበኛ ነው፣ እሱም ባለመሰረዙ ብቻ። ባታውቁትም፣ የማታውቁት ሰው የሚጠብቀው ቁራጭ እናንተ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፑ ቤቴ ነው፣ ክፍት ነው። ከማል አንዳንድ ጊዜ ይደውልልኛል፣ አሁን ዝም አይልም።

ሂሳቡ ይኸው፦ ሱቁ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ሙሉ ነው፣ ሰይድ ሞቷል።